ውኃው ቀድሞ፥ ዓሣው በኋላ

ሰው ዓይኑ የወደደው ነገር ሁሉ ለቤቱም የሚስማማ ይመስለዋል። ጨርቅ ሲገዛ ወይም ዕቃ ሲገዛ ይህ ስሕተት ከገንዘብ በቀር የሚያጠፋው ብዙ የለም፤ ጨርቁ ቢጠብ ለሌላ ይሰጣል፥ ዕቃው ቢሰበር ይጣላል። የተገዛው ነገር ነፍስ ያለው ሲሆን ግን የዓይንን ስሕተት ዋጋ የሚከፍለው ገዢው አይደለም፤ ተገዝቶ የመጣው ፍጥረት ነው። ይህንም በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በስምንት ትናንሽ ዓሦች ሞት ተማሩት።

መሪጌታው ሠላሳ ዓመት ያህል ለደቀ መዛሙርት ዜማና ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ስትሄድም የአምስት ዓመት ልጇን ለእርሳቸውና ለባለቤታቸው አደራ ሰጥታ ሄደች፤ ሕፃኒቱም አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። እናቲቱ በምታገለግልበት ቤት በአዳራሹ ግድግዳ ልክ የተሠራ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ አለ፤ በውስጡም ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዓሦች ይመላለሳሉ። መስተዋቱን መወልወል የእርሷ ሥራ ነውና አንድ ቀን በስልኳ ለልጇ አሳየቻት። ሕፃኒቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «እማዬ የምታያቸውን ዓሦች እኔም በቤታችን ባይ፥ አብረን የተቀመጥን ይመስለኛል» አለች። ይህን የሰማ አያት እንቢ ለማለት አይችልም።

አንድ ጎረቤት ቤት ሲለቅ የተወው የመስተዋት ሣጥን ነበረ፤ ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ውኃ ይይዛል። እናቲቱም ገንዘብ ላከች። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ አያትና የልጅ ልጅ ተያይዘው ወደ አንድ ዓሣ ሻጭ ሄዱ። ሕፃኒቱ በጣቷ እያመለከተች፥ እርሳቸውም በደስታዋ እየተደሰቱ ዘጠኝ ዓሦች ገዙ፤ ሁለት ወርቅ ዓሦች፥ ሰማያዊና ቀይ መስመራቸው እንደ መብራት የሚያበራ አራት ኒዮን ቴትራዎች፥ ጅራታቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሁለት ጉፒዎች፥ ክንፉም እንደ ሐር መጐናጸፊያ የሚንሳፈፍ አንድ ቤታ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ስለ ውኃው ግን አንዳች ነገር አልጠየቀም። እነርሱም ቤት እንደ ደረሱ ሣጥኑን ከቧንቧ ሞሉ፤ ዓሦቹንም በዚያችው ሰዓት ጨመሩ።

በሦስተኛው ቀን ከኒዮኖቹ አንዱ በጎኑ ተንሳፎ ተገኘ። በማግሥቱ ሁለት ሞቱ። ቤታው የጉፒዎቹን ጅራት እየነከሰ ቈራረጠው። ወርቅ ዓሦቹ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ ሕፃኒቱም የሚናገሩ መስሏት ጆሮዋን ወደ መስተዋቱ አስጠጋች። በዘጠነኛው ቀን ከቤታው በቀር በሕይወት የቀረ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ እናቲቱ ደወለች። «ዓሦችሽ እንዴት ናቸው?» ብላ ብትጠይቅ፥ ሕፃኒቱ ጥቂት ዝም አለችና «ደኅና ናቸው፤ ሁሉም ይዋኛሉ» ብላ መለሰች። «አንቺስ እማዬ?» አለቻት። «እኔም ደኅና ነኝ» አለች እናቷ። መሪጌታው በአጠገባቸው ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰሙ። የሕፃኒቱ ቃል ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ፤ እናቷን ላለማሳዘን የተነገረ መሆኑንም ያውቃሉ። የሐሰቱ ምክንያት ግን እርሳቸው ናቸውና ሊገሥጿት አፍ አጡ። ማታ ልትተኛ ስትል «አባባ፥ ማን ገደላቸው?» አለቻቸው። «እኔ አላውቅም፤ ግን ጠይቄ አውቃለሁ፤ የማውቀውንም እነግርሻለሁ» አሏት።

በማግሥቱ ቤታውን በጠርሙስ ይዘው ወደ ሻጩ ተመለሱ፤ በልባቸው የታመመ ዓሣ ሸጦልኛል የሚል ቍጣ ነበረ። ሻጩ አልነበረም፤ የቈያቸው ገንዳዎቹን የሚያጥብ አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ «መሪጌታ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት ውኃው ስንት ቀን ቈይቶ ነበር?» አላቸው።

«ውኃ ደግሞ ምን ይቈያል? በዚያው ቀን ከቧንቧ ቀዳነው» አሉት።

«እንግዲያስ በሽታው ይኸው ነው» አለና እንዲህ ሲል አስረዳቸው። ከዓሣ ከሚወጣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል፤ ይህም ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። በወንዝና በሐይቅ ብዙ ውኃ ስላለ መርዙ ይበተናል፤ በሣጥን ውስጥ ግን ይከማቻል። በቈየ ውኃ ውስጥ፥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ፥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ያድራሉ፤ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ደም አየር እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ሌሎች ባክቴሪያዎች እርሱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዕፀዋት ይመገቡታል፥ የተረፈውም ውኃ ሲለወጥ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተባዝተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ በገዛ ቆሻሻው ተመርዞ ይሞታል። ከቧንቧ የሚመጣው ውኃም ክሎሪን አለበትና፥ ክሎሪኑ ሳይወጣ ከተጨመረ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል።

«ቤታውስ ስለ ምን ተረፈ?» አሉ መሪጌታው።

«ቤታ የሲያም አገር ዓሣ ነው፤ አየር ባነሰው በሩዝ ማሳ ውኃ ስለሚኖር ከውኃው በላይ ካለው ነፋስ የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ተሰጥቶታል። ነገር ግን ወንዱ ሌላ ወንድ አይችልም፤ የጉፒው ጅራት ሲዘረጋ ጠላቱ ይመስለዋል። ወርቅ ዓሣ ደግሞ መጀመሪያው ከቻይና ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል፤ ሲያድግም ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ብዙ ይበላል፥ ብዙም ያቈሽሻል። ኒዮን የአማዞን ዓሣ ነው፤ ሙቅና ለስላሳ ውኃ ይፈልጋል፤ በአዲስ ውኃም ፈጥኖ ይሞታል። ሁሉንም በአንድ ሣጥን ማኖር ደገኛውንና ቈለኛውን በአንድ ጋቢ ጠቅልሎ ማሳደር ነው» አላቸው። መሪጌታውም ቍጣቸው በረደ፤ ሳይጠይቅ የሸጠ ሰው ቢበድልም፥ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ከበደል ንጹሕ አይደለምና።

ይህ ስሕተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ዓሣን በመስተዋት የማኖር ልማድ ራሱ በዚህ መንገድ ያለፈ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ወርቅ ዓሦችን ከውኃ ውስጥ ሣር ጋራ በመስተዋት ዕቃ ቢያኖር የሣሩ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አደፈረሰው፤ የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች በጨመረ ጊዜ ግን ውኃው ጠራ፤ ሕያዋኑም ተደጋግፈው ኖሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪና ሰባኪ አኳሪየም የሚለውን ስም በመጽሐፉ በሰፊው አስታወቀ። ጎስ የፈጣሪን ጥበብ ለማሳየት ጻፈ፤ መጽሐፎቹን ያነበቡት ግን ወደ ባሕር ዳር እየጐረፉ ከዓለቱ ሥር ያለውን ፍጥረት ለየቤታቸው ለቀሙት። የውበቱ ስፍራ እንዴት እንደ ተራቈተ የገዛ ልጁ ኤድመንድ በ1907 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ በኀዘን መሰከረ። አባት ለምስጋና ያሳየውን ሕዝብ ለዓይን አምሮት አጠፋው።

መሪጌታው ከወጣቱ ዘንድ ሲመለሱ በፌስታል አንድ ቍራጭ ስፖንጅ ይዘው ነበር፤ ወጣቱ ብዙ ዘመን ከቈየ ገንዳ ማጣሪያ ቈርጦ የሰጣቸው ነው። ለባለቤታቸው የውኃውን ነገር በብዙ ቃል ሊያስረዱ ቢጀምሩ፥ እርሳቸው ፈገግ ብለው «ይህማ እርሾ ነው። ያልቦካ ሊጥ ይጋገራልን? ጎረቤት እርሾ ሲያበድርህ ቡኮው ይፈጥናል፤ ቢሆንም ቀኑን መጠበቅ አይቀርም» አሏቸው። መሪጌታው ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

በዚያች ሌሊት ግን ሌላ አሳብ እንቅልፍ ነሣቸው። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩት የሥነ ፍጥረት ተራ በልቡናቸው ተመላለሰ። በእሑድ ውኃው ከምድር ጋራ ተፈጠረ። በማክሰኞ ዕፀዋት በቀሉ። በረቡዕ ፀሐይና ጨረቃ ከዋክብትም ለብርሃን ተሰጡ። ዓሣና በውኃ የሚኖረው ሁሉ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ በሐሙስ ነው። ሁሉን በአንድ ቃል ማድረግ የሚቻለው ፈጣሪ እንኳ ቤቱን ሳያዘጋጅ እንግዳውን አላስገባም። «እኔ ግን» አሉ መሪጌታው በልባቸው፥ «የአራት ቀኑን ሥራ በአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላደርገው ወደድሁ።»

ማለዳ ሕፃኒቱን ጠርተው «ማን ገደላቸው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔ ገደልኋቸው። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ሳልጠይቅ ቸኵዬ ነው። እንግዲህ ከጥንት እንጀምራለን» አሏት። ሕፃኒቱ ብዙ አየቻቸውና «እኔም ቸኵያለሁ» አለች።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ከቅድስት እሑድ በኋላ ባለው ሰኞ ሣጥኑን እንደገና ሞሉት። ውኃው ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ባልዲ ሆኖ ከሌሊት እስከ ሌሊት ቈይቶ ነበር። ማጣሪያውን ተከሉ፤ እርሾውን ስፖንጅ በውስጡ አኖሩ፤ ጠጠር አነጠፉ፥ የውኃ ሣር ተከሉ፥ መብራት ሰቀሉ፤ ማሞቂያውንም በ24 ዲግሪ አደረጉት። ዓሣ በሌለበት ውኃ ውስጥ ሕፃኒቱ በየቀኑ የዓሣ ምግብ ቍንጥር እያደረገች ትጥላለች፤ ይህም በስብሶ ለባክቴሪያው መኖ እንዲሆን ነው። ጎረቤቶች መጥተው ባዶ ውኃ ስታበላ ሲያዩ ሳቁ። እርሷ ግን «ገና አልቦካም» ትላቸዋለች።

በዚህ የመጠበቅ ወራት የዓሣው ምርጫ በዝግታ ተደረገ። መሪጌታው በሻጩ ዘንድ ያዩትን ዓሣ ሁሉ በሦስት ጥያቄ ይመዝኑ ጀመር፤ የመጀመሪያው ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ከማን ጋራ ይኖራል፤ ሦስተኛው በእኛ ቤት ያለውን ውኃ ይችላልን የሚል ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ኦስካር የሚባለው ዓሣ ወደቀ፤ በሱቅ የአውራ ጣት ቢያህልም ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ይበልጣልና፥ ለእርሱ 54 ሊትር ወኅኒ ቤት ነው። ወርቅ ዓሣም በዚሁ ቀረ። በሁለተኛው ጥያቄ ቤታ ለብቻው የሚኖር ባሕታዊ ሆኖ ተገኘ። ጉፒ ብርቱና ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን እንቍላል ሳይጥል ሕያዋን ልጆች የሚወልድ፥ እናቲቱም በየወሩ የምትወልድ ናትና፥ ወንድና ሴት ያስገባ ሰው በዓመቱ ቤቱ ይሞላበታል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ወንዶቹ ብቻ ይበቁታል። ኒዮን ውኃው ወራት ቈይቶ ከጸና በኋላ የሚመጣ እንግዳ ሆኖ ለጊዜው ተወ።

ሦስተኛው ጥያቄ በአዲስ አበባ ላይ ይከብዳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ የነፋሱ ክብደት በባሕር ዳር ካለው ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳልና፥ ውኃው የሚይዘውም ለመተንፈሻ የሚሆን አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ውኃ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈ መጽሐፍ ለዚህ ሣጥን አሥራ ሁለት ዓሦች ይበቃሉ ቢል፥ የደጋ ሰው ከዚያ ማሳነስና የማጣሪያው ውኃ ከላይ እየወረደ የውኃውን ፊት እንዲያናውጥ ማድረግ ይገባዋል። የደጋው ሌሊት ብርድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ማሞቂያው ይጠፋል። እንግዲህ ብርድንም ጥቂት የሚታገሥ ዓሣ ያስፈልጋል።

ሦስቱን ጥያቄ ያለፈው በሱቁ ማዕዘን ማንም የማያየው፥ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ አንድ ትንሽ ዓሣ ሆነ። ስሙ ዚብራ ዳኒዮ ይባላል፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ስላለበት ሕፃኒቱ የሜዳ አህያ ብላዋለች። አገሩ ህንድና በአቅራቢያዋ ያሉት አገሮች ናቸው፤ ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባለ ሐኪም ስለ ጋንጅስ ወንዝ ዓሦች በጻፈው መጽሐፍ በ1822 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀው። ርዝመቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ሙቀቱ ወደ 18 ዲግሪ ቢወርድም ይታገሣል፤ ሰላማዊ ነው፤ ብቻውን ግን ይጨነቃልና ስድስት ሆኖ ይኖራል። የሚዘል ስለ ሆነ ሣጥኑ ክዳን ይሻል። ይህ የተናቀ ዓሣ በሊቃውንት ዘንድ ታላቅ ስም አለው፤ ደም ከሚረጨው የልቡ ክፍል አምስተኛው ያህል ተቈርጦ ቢወሰድ በሁለት ወር ውስጥ ልቡን መልሶ እንደሚያበቅል በ2002 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ገልጠዋል። ወጣቱ ይህን ሲነግራት ሕፃኒቱ «ልቡ ተቈርጦ ይድናል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

በገብር ኄር ሳምንት፥ በሠላሳኛው ቀን ግድም፥ በመመርመሪያው ጠብታ ውኃውን ቢፈትኑት አሞኒያም ናይትራይትም አልተገኘበትም። ሕፃኒቱ በዚያው ቀን እንዲሄዱ ሳይሆን «ሐሙስ እንሂድ» አለች፤ የዓሣው ቀን ሐሙስ መሆኑን ከአያቷ ተምራ ነበርና። በሐሙስም ስድስት ዳኒዮዎች አመጡ። ፌስታሉን እንደ ታሰረ በሣጥኑ ውኃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አንሳፈፉት፤ የሁለቱ ውኃ ሙቀት ሲተካከልም ቀስ ብለው ለቀቋቸው። ምግባቸው በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ብቻ ሆነ፤ ጤነኛ ዓሣ አንድ ቀን ባይበላ አይጎዳምና ሕፃኒቱ ዐርብ ዐርብ እንዲጾሙ ፈረደች። በየሳምንቱም የውኃው ሩብ ይለወጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት መብራት ቢጠፋ መሪጌታው ጋቢያቸውን አንሥተው ሣጥኑን ከበቡት፤ ራሳቸውም በብርድ ልብስ አደሩ። በማለዳ ቢቈጥሯቸው ስድስት ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ እናቲቱ ስትደውል ሕፃኒቱ ስልኩን ወደ መስተዋቱ አዞረች። እናቷም «እነዚያ ቀዮቹስ? ወርቃማዎቹስ የት ሄዱ?» አለች። ሕፃኒቱ አያቷን ተመለከተች፤ እርሳቸውም ዝም አሉ። «ሞተዋል፥ እማዬ» አለች። «ያን ጊዜ ደኅና ናቸው ያልሁሽ ውሸቴን ነው። ውኃው ሳይቦካ ጨመርናቸው።» በወዲያ በኩል ብዙ ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ እናቲቱ እንዲህ አለች፤ «እኔም ደኅና ነኝ ያልሁሽ ሁሉ እውነት አልነበረም። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አገሩን ሳልለምድ፥ ቋንቋውን ሳልሰማ፥ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። አሁን ይሻላል። ዛሬ ግን እውነቱን ስለ ነገርሽኝ እኔም ነገርሁሽ።» ሕፃኒቱ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «አልቦካም ነበራ» አለቻት። እናቲቱ ሳቀችም አለቀሰችም።

መሪጌታው ያን ቀን ወደ ጉባኤያቸው ሄደው ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሐሙስ ላይ ሲደርሱ ከወትሮው ረዘም አድርገው ቈሙ። በዚህ ዘመን ብዙ ሰው በቤቱ የመስተዋት ሣጥን ማኖር ጀምሯል፤ ለልጆች የሚያስደስት፥ ለአዋቂም የሚያሳርፍ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሊገዛ የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ውኃውን ያዘጋጅ፤ ቀጥሎም ዓይኑ ማንን እንደ ወደደ ሳይሆን ውኃው ማንን እንደሚችል ይጠይቅ። ሰው በፍጥረት ላይ ሥልጣን ተሰጠው ማለት ያሻውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ያግባ ማለት አይደለም። በእጁ የገባው ነፍስ ትንሽም ቢሆን አደራ ነው፤ አደራን የሚቀበልም ማኖሪያውን አዘጋጅቶ ይቀበላል። ይህም ለዓሣ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ደቀ መዝሙር ለሚቀበል መምህር፥ ሠራተኛ ለሚያስገባ ባለ ቤት፥ እንግዳ ለሚቀበል አገር ሁሉ ይሆናል።